በእሱ ስም የወረደው መንገደኛ

ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ ሳነበው፣ አፌን በሁለት እጄ ባላፍን ኖሮ ተርሚናሉን በጩኸት አናጋው ነበር። አውሮፕላኑ ከዚያኛው ጫፍ ተነስቷል። የተሳፋሪዎቹ ስም ዝርዝር ደርሶናል። እታች፣ መጨረሻው ላይ፣ የእኔው ሰው ስም አለ።

«ተሳፈረ!» አልኳት ሬዲዮን ክንዷን ቆንጥጬ።

«ኧረ ሥጋዬን ልቀቂኝ! እኔን ነው እንዴ የሚያገባው?» አለችና የእሷም ዓይን እንባ አቀረረ።

ሬዲዮ ከጎኔ ያለውን ካውንተር የምትይዝ ባልደረባዬ ናት። ስሙ የወጣላት የበረራ ማስታወቂያ ስለምታነብ ይመስላችኋል፤ አይደለም፤ አንዴ ከተከፈተች መዝጊያ ስለሌላት ነው። ያን ቀን ግን እሷም ቃል አጠራት። ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ እየመጣ ነው!» ስላት ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም የወደቀ እስክሪብቶ የማነሳ መስዬ ካውንተሩ ሥር ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ።

ታሪኬን ዛሬ ከመሀል የምትቀላቀሉኝ፣ ማን ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ የሚለቀስለት እንዳትሉ ባጭሩ ልንገራችሁ።

ሻንጣ ጫኝ ነው። አዎ፣ ሻንጣ ጫኝ። ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ ካላችሁ አባቴ ቀድሟችኋል። እሱ የአገሪቱ አንድ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ኤርፖርት ይሠራል። እኔ በሌላኛው ጫፍ፣ ከእሷም ባነሰች ኤርፖርት መንገደኛ እመዘግባለሁ። የሥራ ጓደኞቹ «ጥጥ» ይሉታል፤ የሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ ድምፅ የለውማ። አይወረውርም። እንዲህ ዓይነት ጫኝ መኖሩን ከተጠራጠራችሁ አልፈርድባችሁም፤ የሻንጣችሁን መንኮራኩር አይቼዋለሁ።

በሁለታችን መሀል ያለው መንገድ ደግሞ ጉደኛ ነው። በቀጥታው በረራ፣ ፀጉር ቤት ገብቼ ካስክ ሥር ተቀምጬ እስክነሳ ድረስ ይደረሳል። በመኪና ከሆነ ግን ተራራው አለ፣ በረሃው አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ድልድዩን የሚውጠው ወንዝ አለ፤ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ያውም ጎማ ካልፈነዳ። ቀጥታው በረራ በሳምንት አንዴ ነበር። እኛም የምንኖረው በሳምንት አንዴ ነበር ማለት ይቻላል።

ያገናኘን የሥራ ስልክ ነው። እሱ ጭኖ ሲጨርስ ይደውልና ምኑን የት እንዳስቀመጠ ይነግረኛል፣ እኔ እዚህ ለሚያወርዱት አስተላልፋለሁ። ሌላው ቢሆን «ሻንጣ፣ ካርቶን፣ በቃ፣ ቻው» ነው። ጥጥ ግን «በሩ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበር አለ። ባለቤቷ ልጅ እግር ናት፣ ሰው ፊት ሲሸከሟት ታፍራለች። እባክሽ እሷ ሳትወርድ ወንበሩ ይቅደምላት» ይላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ ወዲያ እንዴት አልወደው? ቀስ በቀስ በመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ከረጢት ውስጥ፣ በሥራ ወረቀቶች መሀል ተሸጉጦ ደብዳቤው ይመጣልኝ ጀመር። ዋና ከተማ ለሥልጠና ተጠርተን ስንገናኝ መጀመሪያ ያወቅሁት ድምፁን ነው። ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑን ሰበረ፤ እኔም ሰበርኩ። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ሁለታችንም ጠረጴዛውን ስናይ ቆየን። በስልክ እንደዚያ የምንለፈልፍ ሰዎች!

አባቴን ከተማው ሁሉ «ጋሽ ብረቱ» ይለዋል። ብረትና ሲሚንቶ ነው የሚነግደው። ለእኔ ያጨልኝ ሰው ደግሞ የፋርማሲ ባለቤት ነው፤ ነጭ ጋውን፣ ነጭ መኪና፣ ነጭ ጥርስ። ስለ ጥጥ የነገርኩት ዕለት አባቴ ሹካውን አስቀመጠ።

«ልጄን ለተሸካሚ?»

«ጫኝ ነው አባዬ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አንተስ ስትጀምር ብረቱን በምንህ ነበር የተሸከምከው?»

«በጀርባዬ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «ለዚህ እኮ ነው የማውቀው! ማታ ማታ ጀርባዬን ስታሽ የኖረችው እናትሽ ናት። አንቺ የማንንም ጀርባ አታሺም!»

በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ቀጥታው በረራ እንደሚቋረጥ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው በዋና ከተማ በኩል ዞሮ፣ እዚያ አድሮ፣ ሁለት አውሮፕላን ቀይሮ ነው። አባቴ ነገሩን አፈፍ አደረገው።

«ይኸው፣ መንገዱም አልፈልጋችሁም አለ። በይ፣ በመጨረሻው በረራ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ይቀመጥና ልየው። ካልመጣ ግን የእኔን ቃል ትሰሚያለሽ።»

እኔ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል። ያ በረራ ሁልጊዜ ግማሹ ባዶ ነው፤ በየሳምንቱ የማየው እኔ ነኝ። ምን ያስፈራኛል? «በዚያ አውሮፕላን ካልመጣ፣ እማዬ ትሙት፣ ያልከውን አገባለሁ!» አልኩት።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን በእጇ እንደያዘች እዚያው ተቀምጣለች። «በእኔ ትምያለሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። አባቴ አልተቆጣም። «ይሁን» ብሎ ተነሳ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዋና ከተማ ሄጄ ዕቃ ላምጣ ብሎ ወጣ፤ የትና የት እንደሄደ ማን ጠየቀው?

የመጨረሻ በረራ ሲባል ሰው እንዲህ እንደሚሻማበት የት አውቄ! ወንበሩ ከዕለት ወደ ዕለት አለቀ። እኛ ሠራተኞች ትኬታችን ርካሽ ነው፣ የምንሳፈረው ግን ወንበር ከተረፈ ብቻ ነው። ካውንተሩ እስኪዘጋ ጥግ ይዘን ቆመን፣ ትኬት ቆርጦ የቀረ መንገደኛ ካለ በእሱ ቦታ እንገባለን። የዚያን ቀን ጠዋት አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሩቅ የማየው ቁጥሩን ብቻ ነው፣ የሰዎቹ ስም የሚደርሰን ከተነሳ በኋላ ነው። ስሙ ሲደርሰኝ ታዲያ ገባኝ። አንድ ሰው ቀርቷል፣ ጥጥ በእሱ ወንበር ገብቷል። ያንን የቀረ ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ ብዬ ከልቤ መረቅሁት።

* * *

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሬዲዮ ማስታወቂያውን አነበበች። እኔ የመንገደኞች መግቢያ በር ላይ ቆሜ ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤው ላይ «ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ ነው የምወርደው፤ በሰው መሀል እየተጋፋሁ እንዳላይሽ» ብሎኛል። ስለዚህ አልቸኮልኩም። ሕፃን የታቀፉ እናት ወረዱ። ወታደር ወረደ። ምርኩዝ የያዘ ሰውዬ በአስተናጋጇ ክንድ ተደግፎ ወረደ። ደረጃው ባዶ ሆነ። አሁን ነው አልኩ።

ጥቁር ጫማ ወጣ። ከዚያ ሰማያዊ ኮት። እኔ የማውቀው ኮት ነው፤ ክርኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ደስ አለኝ! አብረው መጡ ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ተዋውቀው፣ ተስማምተው፣ አባቴ በድንገት ሊያስደስተኝ አስቦ ነው ብዬ ከኋላው ያለው በር ላይ በፈገግታ አፈጠጥኩ። ከበሩ የወጣችው የቆሻሻ ከረጢት የያዘች ጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

አባቴ አጠገቤ ደርሶ ቦርሳውን አወረደ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለኝ። «እኔ የመጨረሻው ነኝ።»

«ስሙ አለ እኮ» አልኩት። «በስሙ የተሳፈረ ሰው አለ።»

«አዎ» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። ምንም ሳይገባኝ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ግን ገብቶኛል።

* * *

መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሲበተን፣ ባዶው የሻንጣ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ አስቀምጦኝ ነገረኝ። ሲነግረኝም አላፈረም። ጥሩ ዋጋ ያወጣበትን ንግድ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ዕቃ ሊያመጣ አልነበረም የሄደው። በዋና ከተማ በኩል ዞሮ፣ አድሮ፣ ሁለት አውሮፕላን ቀይሮ፣ እዚያኛው ጫፍ ድረስ ሄዷል። ይርቃል ያለኝን መንገድ ራሱ ሄዶታል! መመለሻውን በመጨረሻው ቀጥታ በረራ ላይ ቆረጠ። ጥጥን ከሻይ ቤቱ መስኮት ሆኖ ሲሠራ አየው። «ዕቃ አይወረውርም» አለኝ፤ ይህን እንኳ አልካደም። በበረራው ቀን ደግሞ ትኬቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ እዚያው ሻይ ቤት ተቀመጠ።

«ካውንተሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁ» አለ። «አንድ ወንበር ብቻ ነበር የምትቀረው፤ የእኔዋ። ልጁ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ሸሚዙን ተኩሷል። እኔ ስቀር ጊዜ ለእሱ ሰጡት። ሲሰጡት ሳቀ፤ እንደ ሕፃን ነው የሳቀው። ያኔ ተነሳሁ።»

«አባዬ…»

«ስሚኝ እንጂ! አውሮፕላኑ ጋ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ልጄ ታማለች፣ በጠና ነው፣ ዛሬ ካልደረስኩ አላገኛትም፣ ካውንተሩ ደግሞ ተዘጋብኝ አልኩት። ትኬቴን ላሳየው እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ ‹ግድ የለም አባባ፣ ይተዉት› አለኝ።»

ትኬቱ ላይ የአባቴ ስም አለ። የእኔ ሙሉ ስም ሁለተኛው ቃል እሱ ነው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ዝቅ ብሎ ቢያየው ኖሮ!

«ዝርዝሩ ተልኮ ስላለቀ ስም መቀየር አይቻልም ነበር። የራሱን የመሳፈሪያ ካርድ ሰጠኝ፤ በሩ ላይ ለነበሩት ጓደኞቹም ‹የእኔ ሰው ናቸው› ብሎ ደግፎ አስገባኝ። ቦርሳዬንም ራሱ ተሸከመልኝ። ‹ልጅዎን እግዜር ይማርልዎ› አለኝ።» አባቴ ቦርሳውን በእግሩ ጠጋ አደረገው። «እንግዲህ ይሄ ነው የምትዪው ወንድ? ለመጀመሪያው ለማኝ ወንበሩን የሰጠ ሰው፣ ነገ ቤትሽንም ይሰጣል።»

«ባይሰጥህስ ኖሮ?»

«አረመኔ ነው እልሽ ነበር» አለኝ ፈጠን ብሎ። ከዚያ የተናገረው ለራሱም ተሰማውና ፊቱን አዞረ።

ደሜ ፈላ። ተነሳሁ። «እማዬ ትሙት ያልኩት እሱ በራሱ ከቀረ ብዬ ነው፣ አንተ ልታስቀረው አልነበረም! አልሰማህም! አሁኑኑ እደውልለታለሁ፣ በዋና ከተማ በኩል ይመጣል፣ ነገ ማታ ሳሎንህ ውስጥ ታየዋለህ!»

አባቴ ከደረት ኪሱ የመሳፈሪያ ካርዱን ቁራጭ አወጣ። የጥጥ ስም አለበት።

«በራሱ ስም ሌላ ሰው ማሳፈር ምን እንደሚያስከትል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የሰጡኝን ይዤ ገባሁ እላለሁ። የመሥሪያ ቤታችሁ አለቃ ግን የብረት ደንበኛዬ ነው፤ ካርዱን አሳየዋለሁ።»

አውቃለሁ። እንዴት አላውቅም፣ ሕጉን በየዓመቱ የምንፈርምበት እኮ ነው። መባረር ብቻ አይደለም፣ እስር አለው። ጥጥ ደግሞ ወላጆቹ ከሞቱ ወዲህ ሦስት ታናናሾቹን የሚያሳድገው በዚያች ደመወዝ ነው። ትንሿ እህቱ ማንበብ ስትጀምር የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ለእኔ ነበር።

«አታደርገውም» አልኩት። ድምፄ ግን ልመና ነበር።

«እንዳላደርገው አድርጊኝ» አለ አባቴ።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

«ክፈቺው» አለኝ። «ድምፁን ልስማው።»

ከፈትኩት። ባዶው ክፍል ውስጥ የጥጥ ድምፅ ሞላ፤ ያ ለዕቃ የሚጠነቀቅ፣ ዝግ ያለ ድምፅ።

«አለቃ፣ እንዳትቆጪኝ» አለ፤ ሁልጊዜ አለቃ ነው የሚለኝ። «ወንበር አግኝቼ ነበር። እናትሽ ይሙቱ ብለሽ እንደማልሽም አልረሳሁም። ግን አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ልጃቸው ልትሞት ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ያንን እጅ ገፍቼ አንቺ ጋ ብመጣ፣ አንቺ ራስሽ ትወጂኛለሽ? አትወጂኝም፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ሰጠሁ። አሁን ወደ ዋና ከተማው የሚሄደው አውሮፕላን ላይ ቦታ ለምኛለሁ፤ ነገ ማታ እደርሳለሁ። አባትሽን አንድ ቀን ለምኚልኝ። አባት ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

አባቴ ወለሉን አየ።

«አለሽ?» አለ ጥጥ። «ሽማግሌውን አይተሻቸዋል? ሰማያዊ ኮት የለበሱ ናቸው። ደረሱላት?»

ብነግረው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የታናናሾቹን እንጀራ ረስቶ፣ እስሩን ረስቶ፣ በእግሩም ቢሆን ይመጣል። እውነቱን ብነግረው ይመጣል፤ እወድሃለሁ ብለው ይመጣል፤ ተገድጄ ነው ብለውም ይመጣል። እንዲቀር የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ ውስጥ የሚወደውን ነገር ሁሉ ከልቡ መንቀል ነው።

«ለማላውቃት ሴት ነው እንዴ እኔን የሸጥከኝ?» አልኩት።

«ምን?»

«እንደ ጅል እዚህ በር ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ፣ አንተ እዚያ ደግ ሰው ልትባል ወንበርህን ታድላለህ?»

«ኧረ አለቃ… ልጅቷ ልትሞት ነው እኮ እያሉኝ…»

«ትሙታ!» ብዬ ጮህኩ። «ትሙት! ለአንተ ምንህ ናት? ብትሞት ባትሞት ምን አገባህ? ስትፈልግ ሂድና እሷን አግባት!»

ሬዲዮ ጩኸቴን ሰምታ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። አባቴ እጁን አንስቶ በቃሽ የሚል ምልክት አሳየኝ። እኔ ግን እሱን አላየሁም። ስልኩን ነው የማየው፤ ውስጡ ያለው ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አንቺ ነሽ ይሄን የምትዪው?» አለ በመጨረሻ። «አልታመምሽም? አጠገብሽ ሰው የለም?»

«ማንም የለም። እኔው ነኝ። የፋርማሲውን ባለቤት ላገባ ነው፤ እሱ ቢያንስ ወንበሩን ለማንም አይሰጥም። እንዳትመጣ። ደብዳቤም እንዳትልክ። የሻንጣ ሽታ ሰልችቶኛል።»

ይህን የመጨረሻውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ያ ሽታ የሳሙና ሽታ ነው። ሥልጠናው ላይ ሲሰናበተኝ እጁ እጄ ላይ የተወው ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እጄን ሳልታጠብ የሰነበትኩበት።

ጥጥ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። እንደ ልማዱ ቃሉን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«እኔ እኮ ቀረሁ ብዬ ስቆጭ ነበር» አለ። «እንኳንም ቀረሁ። ያችን ልጅ ግን እግዜር ያድናት።»

ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ ካርዱን አጥፎ ወደ ደረት ኪሱ መለሰው። «ከሠርጉ በኋላ እሰጥሻለሁ» አለኝ፤ ቦርሳውንም አንስቶ እናቴ ምሳ እንዳትጠብቅ እንቸኩል አለ። ሬዲዮ ከበሩ ላይ እንደ ባዳ ሰው እያየችኝ ነው፤ የሰማችው ያልኩትን ብቻ ነው፣ እሷም አምናኛለች። ተከትዬው ወጣሁ። እሱ እዚያ፣ በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ያችን ልጅ እያሰበ ይጸልይላታል። እኔን ግን ጠልቶኛል።